ሦስተኛው መጋጠሚያ

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦሌ ቡልቡላ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ታዴዎስ፤

ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ላይ ወጥተው በሰላም የሚገቡበትን ጸጋ ጌታ ያብዛልዎት። እኔ፣ ባለቤቴ ዲና እና ልጃችን ቤቴል ደህና ነን። አባቴም ሆሳዕና ከተማ ደህና ነው፤ «ወንድሜ ስልክ አያነሳልኝም» እያለ ያማርርዎታል እንጂ። ጆሮዎ የስልክ ድምፅ እንደማይለይ መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ አይገባውም። እኔ ግን ይኸው እንደ ድሮ ሰው ቁጭ ብዬ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ዲና ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልዎታለች።

ጋሼ፣ ለሰላምታ ብቻ አይደለም የጻፍኩት። ተቃጥያለሁ። ከላምበረት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ዋናውን የእንፋሎት መስመር የምንዘረጋው እኛ ነን። ቱቦው ስምንት ኢንች ነው፣ የግድግዳው ውፍረት አስራ አራት ሚሊ። መሃል ላይ መስመሩን ለሁለት የሚከፍል አንድ ባለ ሦስት አፍ ቲ አለ። ቲውም አስራ አራት ሚሊ እንዲሆን ነበር የታዘዘው። አለቃዬ ወንድም አብኔዘር ግን ዶላር የለም፣ ዕቃ የለም ሲል ከርሞ ገበያ ላይ ያገኘውን ይዞ ከች አለ። ሃያ አምስት ሚሊ! አራት ሰው ነው ከመኪና ያወረደው።

የፋብሪካው ባለቤት አማካሪ ኢንጂነር ሮሃ የምትባል ልጅ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ቲውን በመለኪያ ለካች፣ ደንቧን ገለጠች፣ «ከአስራ ዘጠኝ ሚሊ በላይ ስለሆነ ከብየዳ በኋላ የሙቀት ሕክምና ያስፈልገዋል» ብላ ሄደች። ብየዳው ኋላ እንዳይሰነጠቅ ሦስቱን መጋጠሚያ በማሞቂያ ሽቦ ጠቅልሎ ስድስት መቶ ዲግሪ ማድረስ፣ ሰዓት ቆጥሮ እዚያው ማቆየት፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ማብረድ ማለት ነው። ማሽኑን የሚያከራይ አንድ ሰው ብቻ ነው ያገኘነው፤ ወረፋው እስከ ጥር ነው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከሀ ይጀመራል። መብራታችንን እርስዎም ያውቁታል።

ፋብሪካው ኅዳር 30 ሊመረቅ የጥሪ ካርዱ ታትሞ ተበትኗል። ወንድም አብኔዘር የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ባለፈው እሁድ ጉባኤው በሙሉ ተነሥቶ ለፕሮጀክቱ ጸለየለት። እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን ብያለሁ። አሁን ጠዋት ማታ እኔን ነው የሚያየኝ።

እባክዎ ጋሼ፣ እርስዎ የብየዳ ተቆጣጣሪ ነዎት፣ ማኅተም አለዎት። «ለዚህ ሥራ የሙቀት ሕክምና አያስፈልግም» የሚል አንድ ገጽ ጽፈው ቢልኩልኝ ልጅቷ አፏን ትይዛለች። አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ያሰቡት ሁሉ እንዲቃናልዎት የምጸልይ የወንድምዎ ልጅ
ላጲሶ


ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደርባን

ለላጲሶ፤

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። ዲናን ሳምልኝ፣ ቤቴልንም። ሁላችሁም ደህና መሆናችሁን አንብቤ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ተመስገኑ አፌ ላይ ደረቀ።

ማኅተሜ የጎረቤት መጥረቢያ ነው እንዴ የምትዋሰው? ያልነካሁትን ብረት፣ ያላየሁትን ብየዳ፣ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ «አያስፈልገውም» ልበል? እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። ደግሞም ሴትዮዋን ልጅ ልጅ አትበላት። ልክ ናት።

አሁን ተቆጥቼ ጨረስኩ፣ ስማኝ። ሕክምናውን በሐቅ ማስቀረት ይቻላል። የሚቆጠረው የቲው ሆድ ውፍረት አይደለም፤ የሚበየድበት ከንፈር ነው። ብረት ወደሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ውሰደውና ሦስቱንም አፍ ከውስጥ በኩል በሰያፍ ያስፉልህ፤ ጫፉ ላይ ልክ እንደ ቱቦው አስራ አራት ሚሊ ይሁን። ያኔ መጋጠሚያው ከአስራ ዘጠኝ በታች ነው፣ ሕክምናውም ይቀራል። መጀመሪያ ግን ለኢንጂነሯ ሥዕሉን አሳይና አስፈርማት። በቃል ተስማምተናል ብለህ አንድ ኤሌክትሮድ እንዳትለኩስ።

ሆዱ ግን ያው ወፍራም እንደሆነ ይቀራል። ወፍራም ብረት ሙቀቱን ከብየዳው ሥር ይመጥጠዋል። ቶሎ የቀዘቀዘ ብየዳ ይደርቃል፣ የደረቀ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ዙሪያውን በጋዝ እሳት አሙቀህ መቶ ሃያ ዲግሪ አድርሰው፤ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ከዚያ እንዳይወርድ። አንዱን መጋጠሚያ ጀምረህ ሳትጨርስ ምሳ የለም፣ ስልክ የለም፣ ሻይ የለም። ስትጨርስ ሙቀት በሚይዝ ጨርቅ ጠቅልለህ ቀስ ብሎ ይብረድ።

ሙቀቱን በእጅህ እየዳበስክ እንዳትለካ፤ አውቅሃለሁ። በመቶ ሃያ ዲግሪ የሚቀልጥ የሙቀት ጠመኔ አንድ ካርቶን ልኬልሃለሁ። ብረቱን ትጭርበታለህ፤ ከቀለጠ ደርሷል፣ ካልቀለጠ አልደረሰም። እዚህ ያለች የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ማራናታ ለእህቷ ሠርግ ስትመጣ ይዛልህ ትመጣለች፤ ያንተን ቤት ስለማታውቀው ለእህቴ ለአዝመራ ትሰጥልሃለች።

ወንድሜን ሰላም በልልኝ። መጻፍ ይማር በልልኝ።

እጅህን ጌታ ያጽናው፤
አጎትህ ታዴዎስ


ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦሌ ቡልቡላ

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ የሥራዎን ፍሬ ጌታ ይባርክልዎት። እኛ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነን።

ምክርዎ ሠርቷል! ሥዕሉን ለኢንጂነር ሮሃ ሳሳያት ሁለት ጊዜ አየችው፣ ቀና አለችና «ይሄን ማን ነገረህ?» አለች። «አጎቴ» ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት። እዚያው ፈረመችልኝ፤ «ግን ሙቀቱ ሳይቋረጥ መያዙ በቅጹ ላይ ይመዝገብ» አለች። ገርጂ ውስጥ ተኽላይ የሚባል የቶርኖ ባለሙያ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ቲውንም እኔንም ብረት የፈጠረውንም ሲሳደብ ዋለ፤ ግን ከንፈሩን አስራ አራት ሚሊ አድርጎ እንደ ብርጭቆ አለስልሶ ሰጠኝ።

ጠመኔው ግን! ጋሼ፣ ጠመኔው! ምን ብዬ ልንገርዎት። ማራናታ ዕቃውን ለአክስቴ ለአዝመራ የሰጠቻት እሁድ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው፤ «ከጋሽ ታዴዎስ ነው» ብላ ብቻ ወደ እህቷ ሠርግ በረረች። አክስቴ ደግሞ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ናት። «ለልጆቹ ጠመኔ አጣን፣ ውጭ ያላችሁ አስቡን» እያለች ሁለት ወር ስትለምን ከርማለች። ካርቶኑን ከፈተች፣ ጠመኔ! ምኑን ትጠራጠር? በጉባኤው ፊት ቆማ ምስክርነት ሰጠችበት። «ሳልነግረው ጌታ ለወንድሜ ነገረው» ብላ አለቀሰች፣ ሰውም እልል አለ።

እኔ ስደርስ አንድ ፍሬ አልቀረም። ልጆቹ የኖኅን መርከብ ከነዝሆኑ ግድግዳው ላይ ሥለውበታል። ግን ምስክርነት የተሰጠበትን ዕቃ በምን አፌ መልሱ ልበል? አክስቴ ደግሞ በደስታ ጉንጬን ይዛ ሳመችኝ።

እና በውሃ ሠራሁት። በጋዝ አሞቅኩና ጠብታ ውሃ ጣል ሳደርግበት ጭስስ ብሎ ከጠፋ ደርሷል አልኩ። የብየዳ መምህሬ ኪዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ። ማክሰኞ ጀምረን ሐሙስ ጨረስን። ሐሙስ ከሰዓት የአልትራሳውንድ ምርመራው ታየ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ቅጹ ላይ መቶ ሃያ ዲግሪ ብዬ ሞልቼ ፈርሜያለሁ።

ለማንም አላሳየውም፣ ለልቤ ብቻ ነው፤ ውሃው እንደሚበቃ ሁለት መስመር ጽፈው ይላኩልኝ።

በፍቅርዎ የምኖር
ላጲሶ


ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደርባን

ላጲሶ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለልብህ የሚሆን ሁለት መስመር የለኝም።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ውሃ እዚያ የሚፈላው በዘጠና ሁለት ዲግሪ ግድም ነው! እዚህ ባሕሩ አጠገብ በመቶ ይፈላል፣ እናንተ ዘንድ ግን አይደርስም። ባቄላ አልበስል ብሎ እናትህን ስንት ቀን አስለቅሷታል? እንግዲህ ውሃህ ጭስስ ያለው መቶ ሃያ ስለደረሰ አይደለም። ወንድሜ ልጅ ወለደ ብዬ እንጂ በውሃ ጠብታ የሚያምን ሰው ወለደ አላልኩም ነበር።

ለአዝመራ ጠመኔው ያንተ እንደነበር አትንገራት። እሷን ተዋት።

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት መጋጠሚያ ላንተ የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የጀመረ ሰው ሐሙስ ምን ይሠራል? ስለ ቶርኖው አንድ አንቀጽ ጻፍክ፣ ስለ ጠመኔው ሁለት ጻፍክ፣ ስለ ብየዳው ሦስት መስመር። አንተ እኮ ስለ ብየዳ ከተነሣ ማንንም አታስወራም። ምርመራውስ እንዴት በጨረስክበት ቀን ይታያል? በቅዝቃዜ የሚመጣ ስንጥቅ ሁለት ቀን አድብቶ ነው ብቅ የሚለው።

መብራት ጠፍቶ ነበር? አዎ ወይም አይደለም በለኝ።

ታዴዎስ


ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦሌ ቡልቡላ

ለአጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አዎ፣ ጠፍቶ ነበር።

ሁለቱ መጋጠሚያዎች ያለ ችግር አለቁ። ሦስተኛውን ረቡዕ ከሰዓት ጀመርኩት። ግማሽ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራቱ እልም አለ። ጄኔሬተሩን ወንድም አብኔዘር ለሌላ ሳይት ልኮታል። በጋዝ እያሞቅኩ ልጠብቅ ብል ሲሊንደሩ በሁለቱ መጋጠሚያ አልቋል። ሰው ለጋዝ ላክን፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ባዶውን ይዞ ተመለሰ። ብረቱ እጄ ሥር ሲቀዘቅዝ ቆሜ አየሁት። ጨርቁን እንኳ አላለበስኩትም፤ ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት መብራትም ጋዝም መጣ። ማድረግ ያለብኝን አውቃለሁ፤ ግማሹን ብየዳ ቆርጦ አውጥቶ እንደገና ከሥር መጀመር ነው። ወንድም አብኔዘር ሩዋንዳ ሰፈር ካለው ቢሮው መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። ጮኾብኝ ቢሆን እጮኽበት ነበር። እሱ ግን ትከሻዬን ይዞ «ወንድሜ፣ ጌታ ይረዳናል፣ ቀጥል» አለኝ። ትንሽ አሞቅኩት፣ ውሃ ጠብ አደረግኩ፣ በቀዝቃዛው ላይ ሞላሁበት። ቅጹ «ሙቀቱ ተቋርጧል?» ይላል። «አልተቋረጠም» ብዬ ፈረምኩ። ፊርማው የኔ ነው፣ ማንም እጄን አልያዘኝም።

ቲው የተሰቀለበትን ቦታ ስላላዩት ነው እንጂ፣ ጋሼ፣ ልክ ከሥሩ ወደ ምሳ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ አለ። ሁለት መቶ ሴቶች በዚያ ነው የሚያልፉት። ቢሰነጠቅ ያ እንፋሎት የሚያገኘው እነሱን ነው።

ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ፈርሜ የዋሸሁ በያጅ ተብዬ ሌላ ቦታም አልቀጠርም። ዝም ብል ደግሞ ምናልባት ምንም አይሆንም፤ አልትራሳውንዱም ንጹሕ ነው ብሏል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። እርስዎ ቢሆኑ ይቆርጡት ነበር? ስብከት አልፈልግም፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምረቃው ኅዳር 30 ነው፤ ከዚያ በፊት ይመልሱልኝ።

ላጲሶ


ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦሌ ቡልቡላ

ለአጎቴ ለጋሽ ታዴዎስ፤

እንኳን ለልደት በዓል አደረስዎት። እግዜር ያውቃል፣ ይህን ሰላምታ ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ሠላሳ ስምንት ቀን! ደብዳቤዬን እንዳነበቡት ቴሌግራሙ ያሳያል፤ በደረሰበት ቀን ነው ያነበቡት። ስለ ውሃ መፍላት ለመቆጣት አራት ቀን ነበር የፈጀብዎት። አዎ ወይም አይደለም በለኝ ብለው ልቤን አስከፍተው፣ እኔ ስጠይቅ ድምፅዎን አጠፉ። ዲና «ታመው ይሆናል» ትላለች። ደርባን የተመለሰችውን ማራናታን አስጠየቅኩ፤ ደህና ነዎት፣ ሥራ ይሄዳሉ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ።

መልስዎን ስጠብቅ ምረቃው ደረሰ። ሪባን ተቆረጠ፣ እንፋሎቱ ተለቀቀ፣ ወንድም አብኔዘር በማይክራፎን ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለጥገና እያልኩ ፋብሪካው ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቲው ሥር ቆሜ ሴቶቹን «በዚያ በኩል፣ በዚያ በኩል» እያልኩ አባርራለሁ። አንዷ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» አለች፤ ሌሎቹም ሳቁብኝ። በዘጠነኛው ቀን አልቻልኩም። «ልናገር ነው» ብዬ መጀመሪያ ለወንድም አብኔዘር ነገርኩት፤ «አብረን እንጸልይበት» አለኝ። ጥዬው ኢንጂነር ሮሃ ጋ ሄድኩ።

አልጮኸችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተናግሬ እስክጨርስ ሰማችኝ። «በሐሰት ወረቀት ላይ የቆመ መጋጠሚያ አልቀበልም፣ ይቆረጣል» አለች። በዚያው ቀን መስመሩ ተዘጋ። ፋብሪካው አራት ቀን ቆመ። አዲሱን የበየደው ከሌላ ድርጅት የመጣ ሰው ነው፤ እኔን በር ላይ ዘበኛው መለሰኝ። ወንድም አብኔዘር አሰናበተኝ። በማግስቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አቅፎ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። እሱ! ለኔ! ያውም ሰው ሁሉ እያየን!

የሚያሳብደውን አልነገርኩዎትም። የተቆረጠውን መጋጠሚያ ላቦራቶሪ ወሰዱት። ከፋፈሉት፣ አለሰለሱት፣ በአሲድ አጠቡት፣ በማጉያ አዩት። ምንም የለውም! አንዲት ስንጥቅ የለችውም! ሮሃ ራሷ ደውላ ጠርታኝ ቁራጩን አሳየችኝ። እንደኔ ከሆነ ሺህ ዓመት ይቆይ ነበር። ስንጥቅ ቢገኝበት «ሰው አድኛለሁ» እል ነበር። አሁን ግን ደህና ብየዳ አስቆርጦ ሥራውን ያጣ ሞኝ ነኝ። ላምበረት ያሉ በያጆች እንደዚያ ነው የሚሉኝ። ነገ በዓል ነው፣ ዶሮውን የገዛችው ዲና ናት።

ከእንግዲህ ማኅተምም ምክርም አልጠይቅዎትም። ለምን ዝም እንዳሉኝ ብቻ ይንገሩኝ።

የወንድምዎ ልጅ ላጲሶ


ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደርባን

ለልጄ ለላጲሶ፤

ይህ ወረቀት ተቀይመህ ቢያገኝህም ሰላም ይዞልህ ይምጣ። የተቀየምከው በሐቅ ነው።

ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌልህ ነበር። ሦስቱም «ተወው» ይሉ ነበር። «ምርመራውን አልፏል፣ ልጅ አለህ፣ ተወው» ብዬ እጽፍና ልልከው ስል እጄ እምቢ ይላል። «ቁረጠው» ብዬ ደግሞ ልጽፍልህ አልቻልኩም። እርስዎ ቢሆኑ ይቆርጡት ነበር ወይ ነው ያልከኝ። መልሱ አልቆርጥም ነበር ነው። አልቆረጥኩምም።

በ2006 ዓ.ም. እዚሁ በምሠራበት ፋብሪካ አንድ ወፍራም መስመር በሙቀት ሲታከም ሁለት ሰዓት ስድስት መቶ ዲግሪ ላይ መቆየት ነበረበት። በሰባ ደቂቃው ኃይል ተቋረጠ። አርብ ከሰዓት ነው፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ቸኩሏል፣ እኔም ቸኩያለሁ። ሁለት ሰዓት ሞልቷል ብዬ ፈረምኩ። የዚያን ሳምንት ለአባትህ ቤት መሥሪያ ልልክ ቃል ገብቼ ነበር፤ ሥራዬ ላይ ጣጣ እንዲመጣ አልፈለግኩም። ይህን ሰበብ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አስራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መስመሩ እስካሁን ይሠራል፣ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ሰኞ ሰኞ ቁጥጥር ስወጣ በዚያ በኩል አላልፍም፤ ዞሬ በፓምፕ ቤቱ ጀርባ ነው የምሄደው። ሥር ሥሩን የሚጠርግ አንድ ዙሉ ሽማግሌ አለ። ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኛል፣ እኔም እጄን አነሳለታለሁ። አንተን ስለ ዘጠና ሁለት ዲግሪ ስቆጣህ ይህ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነበር።

ብየዳው ደህና ሆኖ መገኘቱ አቃጥሎሃል። እኔን ግን ሌላው ነገር ነው ያቃጠለኝ። የኔ ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ አላውቅም፤ ማንም አላየውም። አንተ በሃያ ስምንት ቀን ሄደህ የተናገርከውን እኔ በአስራ ሁለት ዓመት አፌን አልከፈትኩም። ከዚያ ደግሞ «አጎቴ» ብለህ ለኢንጂነሯ በኩራት ትነግራታለህ። ያቺን መስመር ሳነብ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ነገ ሰኞ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኃላፊዬ ቢሮ እገባለሁ። ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ አላገኝም፣ ለወንድሜም የምልከው ይቀራል። እስካውቅ ድረስ ለአባትህ አትንገረው።

ከትናንት ጀምሮ ቁጭ ብዬ ምን ብዬ እንደምጀምር አስባለሁ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሞከርኩት፤ በሁለቱም አፌ ይያዛል። አንተ ኢንጂነሯ ፊት ስትቆም መጀመሪያ የተናገርከው ቃል ምን ነበር? እባክህ ልጄ፣ ሳልገባ በፊት ጻፍልኝ።

አጎትህ ታዴዎስ